ክርክር፦ የደም ግፊት ሕክምና በአንድ መድኃኒት ይጀመር ወይስ በሁለት?

ጠያቂዋ፦ አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ግፊቱ በተለያየ ቀን ሲለካ 168 በ102 አካባቢ ሆነ። ሐኪሙ አንድ ክኒን አዘዘለት። ውስጡ ግን ሁለት መድኃኒት አለ፤ ቴልሚሳርታንና አምሎዲፒን። ወንድሜ «ገና ለጀማሪ ሁለት መድኃኒት? መጀመሪያ አንዱ ይሞከር ነበር!» ብሎ ተቆጣ። እኔም ግራ ገባኝ። የምታውቁ እስቲ ተከራከሩበት።

ታካሚው፦ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። እኔንም በሁለት ነው ያስጀመሩኝ። በሳምንቱ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ጭልም አለ። ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው እንደዛ ያደረገኝ? አንድ ብቻ ብወስድ ኖሮ በግልጽ ይታወቅ ነበር።

ሐኪሙ፦ ስጋትህ ልክ ነው ወንድሜ፣ እኛም ስንማር «በአንድ ጀምር፣ ዶዙን ጨምር፣ ካልበቃ ሌላ ጨምር» ነበር የተባልነው። ነገር ግን ግፊት በአንድ በር ብቻ አይገባም። የደም ሥር ይጠባል፤ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል፤ ሆርሞኖችም አሉበት። አንዱን ስትዘጋ ሰውነት በሌላው ይመጣል። የሚያሸናው መድኃኒት ውሃውን ሲያስወጣ፣ ሰውነት ፈሳሽ ያነሰው ይመስለውና የደም ሥርን የሚያጠብ ሆርሞን ይጨምራል። ያንን ሆርሞን የሚገታ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ ነው ነገሩ የሚያዘው።

በ2009 የታተመ ትንተና 42 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። የአንዱን ዶዝ እጥፍ ከማድረግ ይልቅ ከሌላ ዓይነት መድኃኒት ጋር ማጣመር፣ የሚያስገኘው ተጨማሪ ቅናሽ 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 መመሪያው ሕክምናው በጥምር መድኃኒት፣ ቢቻልም በአንድ ክኒን ቢጀመር ይሻላል ብሏል።

ፋርማሲስቷ፦ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። አምሎዲፒን ዶዙ ሲጨምር እግር ያሳብጣል። ማታ ካልሲ ስታወልቁ መስመሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ታትሞ ይቀራል። እንደ ቴልሚሳርታን ያለ መድኃኒት አብሮት ሲኖር እብጠቱ ይቀንሳል። ሁለት መድኃኒት ማለት ሁልጊዜ ሁለት እጥፍ ጉዳት ማለት አይደለም!

ደግሞ የክኒኑ ብዛት ራሱ ችግር ነው። አንዲት እናት ከቦርሳቸው ሦስት ፓኬት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩልኝ። አንደኛው አልቋል፤ ሁለቱ አልተነኩም። «ሁሉም የግፊት ነው ስላሉኝ አንዱ ይበቃኛል ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ሦስቱም አንድ ክኒን ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር።

ነርሱ፦ እኔ የማየው ግን ሌላኛውን ወገን ነው። የቤት ለቤት ክትትል ስሠራ 84 ዓመታቸው የሆኑ አባት በሁለት መድኃኒት ተጀምሮላቸው አገኘኋቸው። ተቀምጠው ጥሩ ነበር፤ 132። ቆመው ስለካቸው ወደ 104 ወረደ። ከዚያ በፊት ሁለቴ ወድቀዋል፤ ቆመው የለካቸው ግን ማንም አልነበረም። «ለሁሉም ሁለት» የሚል ሕግ እንዲህ ዓይነት ሰው ይጥላል። የአውሮፓ ሐኪሞች የ2018 መመሪያ እንኳ አቅመ ደካማ አረጋውያንን፣ ግፊታቸው ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ሌላ ስጋት የሌለባቸውንም በአንድ ጀምሩ ይላል።

ሌላው ደግሞ በአንድ ክኒን ውስጥ የታሰረ፣ ለየብቻ የማይቀየር ዶዝ ነው። ሰው ተቅማጥና ትውከት ይዞት ሰውነቱ ሲደርቅ የሚያሸናው መድኃኒት ለጊዜው መቆም ሊኖርበት ይችላል። አንድ ክኒን ውስጥ ከሌላው ጋር ከተጣመረ እንዴት ትለየዋለህ?

ሐኪሙ፦ እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ለእኚያ አባት እኔም በአንድ፣ በትንሽ ዶዝ ነበር የምጀምረው። በትውከቱ ጊዜ ታካሚው ራሱ ከማቆሙ በፊት ይደውል እላለሁ። ማንኛውም ጥምረት ጥሩ ነው ማለቴም አይደለም። ራሚፕሪልና ቴልሚሳርታን፣ ሁለቱም በዚያው ሆርሞን ላይ የሚሠሩ፣ አብረው የተሰጡበት ትልቅ ጥናት በ2008 ወጥቶ ነበር። ጥቅም አልጨመረም፤ ኩላሊት ላይ ግን ጉዳት ጨመረ። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ሁለቱም አይሰጡም።

ታካሚው፦ እሺ፣ ግን የእኔ ጥያቄ አልተመለሰም። ዓይኔ ጭልም ያለው በየትኛው ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ምናልባት በየትኛውም ላይሆን ይችላል፤ ዶዙ በዝቶብህ እንጂ። በ2021 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፤ 591 ሰዎች። ግማሾቹ አራት መድኃኒት፣ እያንዳንዱ የተለመደው ዶዝ ሩብ ብቻ፣ በአንድ እንክብል ወሰዱ። ሌሎቹ የቴልሚሳርታን ዓይነት የሆነውን ኢርበሳርታን ብቻ በሙሉ ዶዝ ጀመሩ። በ12 ሳምንት ግፊታቸው የተስተካከለው 76 በመቶና 58 በመቶ ሆኑ። በጎንዮሽ ጉዳት መድኃኒቱን ያቋረጡት ሰዎች ቁጥር ብዙ አልተለያየም።

ታካሚው፦ 12 ሳምንት እኮ ምንም ማለት አይደለም። ይህ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ከመካከላቸው 417ቱ እስከ ዓመት ቀጥለዋል፤ 81 እና 62 በመቶ። ልዩነቱ አልጠበበም። ለሃያ ዓመት የሚናገር ግን አይደለም፤ እውነትህን ነው።

ነርሱ፦ ጠያቂዋ፣ አባትሽ 61 ናቸው፤ 168 ደግሞ ትንሽ ግፊት አይደለም። ለእሳቸው በሁለት መጀመሩ ትክክል ይመስለኛል። ግን ቀጠሮ አላቸው? የኩላሊትና የፖታሺየም ምርመራስ?

ጠያቂዋ፦ ቀጠሮው ከወር በኋላ ነው። የደም ምርመራ ግን አልታዘዘም።

ሐኪሙ፦ ስልክ ደውይና ጠይቂ። ቴልሚሳርታን ፖታሺየም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል መነሻው መታወቅ አለበት። ከተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜም ይደገማል።

ጠያቂዋ፦ እደውላለሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ ቆሞም እለካዋለሁ። ለወንድሜም ይህን ሁሉ አስነብበዋለሁ፤ ማሽኑን የሚይዘው እሱ ነው።