ነገ ክርስትና ነው፣ ስስል ሽንት ያመልጠኛል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
እህቶቼ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ የልጄ ክርስትና ነው። ጉንፋን ይዞኛል፣ ሳሉ አለቀቀኝም። በሳልኩ ቁጥር ሽንት ያመልጠኛል። ዛሬ ጠዋት ቡና እያፈላሁ አስነጠሰኝና ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ እንዳልኩ ቀሚሴ ራሰ። ነገ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ቤተክርስቲያን ነን። የምለብሰው ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ነው። እናቴም አማቴም አጠገቤ ይቆማሉ። እስከ ነገ የሚያቆምልኝ መድኃኒት አለ? አንዷ ጓደኛዬ የፔልቪክ ፊዚዮቴራፒ የሚባል፣ ሽንት የሚይዘውን የታች ጡንቻ የሚያሠለጥን ነገር አለ ብላኛለች። በአንድ ቀን ይሠራል?

የሁለት ልጆች እናት፦
ኬግል ሥሪ፣ ታችሽን ሽንት እንደምትይዢ እየቋጠርሽ መፍታት ነው። እኔን ያዳነኝ ኬግል ነው።

እማማ፦
ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ አምስት ወልጃለሁ። በእኛ ጊዜ የአራስ ወገብ በመቀነት ጥፍንግ ተደርጎ ይታሰር ነበር። አንቺ አልታሰርሽም መሰለኝ። ፊዚዮቴራፒ እግሩ ለተሰበረ ሰው ነው። ይኼ የወለደች ሁሉ ያለባት ነው፣ በሽታ አታድርጉባት።

አዋላጅ ነርስ፦
እማማ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ብዙ እናቶች ላይ ይታያል፣ እውነት ነው። ብዙ ሰው ላይ ስለታየ ግን ተሸክመሽው ኑሪ አይባልም። መቀነቱም ላላ ብሎ ሲታሰር ወገብ ይደግፋል። ጥፍንግ ሲል ግን የሆድን ግፊት ወደ ታች ይልከዋል። ታች ያለው ጡንቻ ደግሞ ገና ከምጡ አላገገመም።

ጠያቂዋ፣ ያልነገርሽን ነገር አለ። በምጥ ነው የወለድሽው ወይስ በኦፕራሲዮን? ስፌት ነበረሽ? የሚያመልጥሽ ስትስዪ ብቻ ነው ወይስ ሳትስዪም ቀን ከሌት ይፈሳል? ሽንት ስትሸኚ ያቃጥልሻል? ትኩሳት አለሽ? ወደ ታች የወረደ ነገር ይሰማሻል?

ጠያቂ፦
በምጥ ነው፣ ስፌት ነበረኝ። ስስልና ሳስነጥስ ብቻ ነው። ልጅቷን ከአልጋ ሳነሳም ትንሽ አለ። አያቃጥልም፣ ትኩሳትም የለኝም፣ የወረደ ነገርም የለም። ሆዴ ግን ይደርቃል። እባካችሁ ነገ ነው!

ጨዋታ ወዳድ፦
አይዞሽ እህቴ። ልጅቷ ስትጠመቅ ተጠግተሽ ቁሚ። እዚያ የረጠበ ሁሉ የጠበሉ ነው የሚባለው። ይልቅ ከልቤ የምነግርሽ፣ ትርፍ የውስጥ ሱሪና የውስጥ ቀሚስ በሕፃኗ ቦርሳ ከዳይፐሩ ሥር ክተቺ። የሕፃን ቦርሳ ማንም አይፈትሽም።

የታሪክ ወዳጅ፦
ኬግል ኬግል ስለተባለ ትንሽ ላስረዳ። ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ከአርኖልድ ኬግል ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በቃል ብቻ ግን አላስተማሩም። ሴቲቱ በትክክል መቋጠሯን በመሣሪያ ይለኩ ነበር። ዛሬ ይኼኛው ክፍል ተረስቶ «ቋጥሪ» የሚለው ብቻ ቀረ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ፊስቱላ ምጥ ሲረዝም የሚፈጠር፣ ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ተሰፍቶ ከተዘጋ በኋላም ሲስሉ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ። መስፋት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፣ ጡንቻውም መሠልጠን አለበት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ኬግል አልኩ እኮ። በቀን 200 ጊዜ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
200ው ይቅርብሽ እህቴ። እኔ ከሁለተኛ ልጄ በኋላ መኪና ስነዳም ዕቃ ሳጥብም ስቋጥር ስድስት ወር አለፈኝ። ሽንቱ አልቆመም፣ ጭራሽ ሕመም ተጨመረበት። ከባሌ ጋር መሆን አልቻልኩም።

በመጨረሻ ወደ ፊዚዮቴራፒስት ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልነካችኝም። እንዴት ትተኛለሽ፣ ማን ያግዝሻል፣ ምጡ እንዴት ነበር፣ ያስፈራሽ ነገር ነበር ወይ፣ እያለች ጠየቀችኝ። ምጡን ስነግራት ትንፋሼን ይዤ ነበር። እሷ አየችብኝ። «አሁን እንኳ አልተነፈስሽም» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ስትመረምረኝ ፈቃዴን ጠይቃ ነው፣ በፈለግሽ ሰዓት አቁሚ በዪኝ ብላ። ጡንቻዬ የደከመ ሳይሆን ተወጥሮ የቀረ ነበር። የታሰረ ቡጢ ተጨማሪ መጨበጥ አይችልም። መጀመሪያ መፍታት አስተማረችኝ፣ በትንፋሽ። መቋጠሩ የመጣው በኋላ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ጎንደር፦
ሥራዬ ይኼ ስለሆነ ለጠያቂዋ በቀጥታ ልመልስ። እስከ ነገ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ ፊዚዮቴራፒም በአንድ ቀን አይሠራም። ለነገው ግን የሚረዳ ነገር አለ።

ሳሉ ሲመጣ ይታወቅሻል አይደል? ከሳሉ በፊት ቋጥሪ። ፈስ እንደምትይዢ፣ ከዚያ ሽንት እንደምትይዢ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው። እንደቋጠርሽ ሳዪ። ሳሉ ሲያልፍ ፍቺው። ቂጥሽን አታጥብቂ፣ ትንፋሽሽንም አትያዢ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ በትንሽ ሳል ተለማመጂው። ልጅቷን ስታነሺም እንደዚያው፣ እየተነፈስሽ ቋጥረሽ አንሺ።

ከቤት ስትወጪ ሽንት ቤት ግቢ፣ ትንሽ ቆይተሽ ድገሚ። ሞዴስ ለወር አበባ ነው የተሠራው፣ ሽንት ቶሎ አይመጥም። ፋርማሲ ለሽንት የሚሆነውን ጠይቂ። ለሳሉም የምታጠቢ መሆንሽን ነግረሽ አማክሪያቸው። ጠዋት ቡናውን ተዪው፣ ፊኛ ያስቸኩላል። ውሃ ግን አትቀንሺ፣ ሆድሽን ያባብሰዋል። ሲደክምሽ ተቀመጪ፣ አራስ ነሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም።

ከክርስትናው በኋላ ደግሞ እውነተኛው ሥራ ይጀመራል። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። ትንፋሽ ስትስቢ ሆድ ይነሳ፣ ታችም ይፈታ። ስታወጪ ቋጥሪ። በሦስት ሴኮንድ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ወደ 10 አድርሺው። በአንድ ዙር ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። መፍታቱ የሥራው ግማሽ ነው። ሽንት መሃል ላይ እያቋረጡ መለማመድ የሚሉትን ተዪው።

ካመመሽ ግን እንደ ሲልቨር ስፕሪንጓ እህት ሊሆን ይችላልና አቁመሽ ተመርመሪ። ድርቀቱንም አትናቂው። በየቀኑ እያማጡ መግፋት ያንኑ ጡንቻ ያደክመዋል። ተልባና ውሃ ጠጪ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከፍ ያለ ከሆነ እግርሽ ሥር ዱካ አድርጊ። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ውሃ በጀሪካን የሚሸከሙ ናቸው። ጀሪካኑን ማን ያግዝሽ የሚለውን ሳንነጋገር ጡንቻ ብቻ ባሠለጥን ልፋቱ ከንቱ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦
እኔም ልጨምር። ሳትስዪ ያለማቋረጥ ከፈሰሰ፣ ሰገራ ካመለጠሽ፣ ወይም የወረደ ነገር ከተሰማሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ያ ሌላ ነገር ነው።

ከፓሪስ፦
እዚህ ፈረንሳይ ከወሊድ በኋላ ሐኪሙ ወይም አዋላጇ ትጽፍልሻለች፣ ብዙ ጊዜ 10 ቀጠሮ፣ የጤና መድን ይከፍላል። አዋላጇ ራሷም ትሠራዋለች። እኔ ሳልጠይቅ ነው የሰጡኝ። አገር ቤት እህቴ በዚሁ ምክንያት ዝምታ ውስጥ ስትኖር ነው የማስበው።

እማማ፦
አሁን ገባኝ። እኔም ሳስነጥስ የምይዘው በር አለኝ፣ ሠላሳ ዓመቴ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በእኔ ዕድሜ ይሆናል ወይ፣ የጎንደሯ ልጅ?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ጎንደር፦
ይሆናል እማማ። ጡንቻ በየትኛውም ዕድሜ ይሠለጥናል። መጀመሪያ ግን ይታዩ።

ጠያቂ፦
ሞከርኩት። በሦስተኛው ሳል ጠብታ ብቻ ነው ያመለጠኝ። እናቴ ድፎውን ልጋግር ብላ እየጠራችኝ ነው፣ እመለሳለሁ።

ጨዋታ ወዳድ፦
ሰኞ ሆነ። እህቴ፣ ክርስትናው እንዴት ነበር? የክርስትና ስሟስ ማን ተባለች?

እማማ፦
ልጄ ምነው ጠፋሽ? ሳሉስ ተሻለሽ?