የፍየል ሌጦ ለአንቀልባ፦ አንዱ ሸተተ፣ ሌላው ጣውላ ሆነ

ሳቢያን_ማዶ፦

ሰላም ናችሁ የእጅ ሥራ ሰዎች። ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። ሐሳቤ ከፍየል ሌጦ አንቀልባ መሥራት፣ ከቁራጩ ደግሞ የቢላ አፎት ማውጣት ነው። የፋብሪካ ኬሚካል የነካው ቆዳ አልፈልግም፤ ከጨውና ከኖራ በቀር ሁሉም ከዛፍና ከዘር ይሁን ነው።

እስካሁን ሁለት ሌጦ ባክኗል። የመጀመሪያው ከእርድ በኋላ አድሮ ጠዋት ነው ጨው የተነሰነሰበት፤ በሦስተኛው ቀን ጠጉሩ በነኩት ቁጥር እፍኝ እፍኙን ይወጣል፣ ሽታው ግቢ አላስገባ አለ። ሁለተኛው በኖራ ተመልጦ፣ የግራር ልጣጭ ተቀቅሎ በወጣው ውሃ ውስጥ 4 ቀን ተዘፍዝፎ፣ ቆርቆሮ ላይ ደረቀ። ላዩ ደስ የሚል ቀይ ነው፣ ሲያጥፉት ግን ቋ ይላል፤ ጠርዙን በምላጭ ስቆርጠው መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አለ። አንድ ጎኑ ደግሞ ቀለም የተደፋበት ይመስል ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። ልጣጩ የተቀቀለው በብረት ድስት ነበር።

የቱ ጋ ነው የተሳሳተው? ልጣጩስ በስንት ኪሎ ይመጠናል? ለሕፃን የሚሆን ልስላሴ በምን ይመጣል?

ወስፌና_ሰም፦

አቦ፣ ሦስት የተለያየ ጥፋት ነው ያለህ፤ አንድ ላይ አትቀላቅለው።

የመጀመሪያው የሰዓት ጥፋት ነው። ድሬ ላይ ሌጦ አያድርም። ከተገፈፈ በሦስት በአራት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልቀመሰ ባክቴሪያ የጠጉሩን ሥር ይበላዋል። ጠጉር በእጅ መውጣቱ ራሱ የመበስበስ ምልክት ነው፤ ያኔ ጨው ብትጨምርበት ሽታውን ታስታግስ ይሆናል እንጂ የተበላውን አትመልስም። ሐረር ላይ ያለ ሰው ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚኖር ብርዱ ትንሽ ፋታ ይሰጠዋል፤ አንተ ግን ፋታ የለህም። ጨውህን ቀድመህ መዝነህ፣ ቢላው ሳይነሣ አስቀምጠህ ጠብቅ።

ሌጦውን በቀዝቃዛ ውሃ ከደም አጥራው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሰቅለህ አንጠፍጥፈው፣ ከዚያ የሥጋውን ወገን ወደ ላይ አድርገህ ዘርጋ። ሞራና የሥጋ ቁራጭ ካለ መጀመሪያ ይነሣ፤ ጨው በሞራ ውስጥ አያልፍም። መጠኑ የሌጦው ክብደት 40 በመቶ ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ሌጦ 600 ግራም ማለት ነው። ጠጠር የሆነ የአፍዴራ ጨው ከሆነ በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርገው። የሚረሳው አንገቱ፣ የእግሩ እጥፋትና ጠርዙ ነው፤ መበስበስም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ ይደር፣ ውሃው ይውረድለት። በማግስቱ የዚያን ግማሽ ጨው ድገመው። አንዴ የሠራበትን ጨው ሌላ ሌጦ ላይ አታዙር፤ ቀይ ነጠብጣብ የሚያመጣው እሱ ነው።

ጥቁር ሰማያዊው የብረት ድስቱ ሥራ ነው። ቆዳ የሚያለፋው የልጣጩ ታኒን ብረት ሲያገኝ ቀለም ይሆናል። ስለዚህ የብረት ድስት፣ የዛገ በርሜል፣ ሚስማር እንኳ አይንካው። መዘፍዘፊያው ፕላስቲክ ባልዲ፣ መቀቀያው ሸክላ ይሁን። (ጥቁር ቀበቶ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የዛገ ሚስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ያንኑ ውሃ ሆን ብሎ የለፋ ቆዳ ላይ ይቀባዋል። ያምራል።)

ዋናው ነጩ መስመር ነው። ገና ከጅምሩ ወፍራም ውሃ ውስጥ ስለገባ ላዩ ቶሎ ለፍቶ ተዘጋ፣ ታኒኑ ወደ ውስጥ መግቢያ አጣ። መሐሉ አሁንም ጥሬ ቆዳ ነው፤ ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ጣውላ ነው። አራት ቀን ደግሞ ለፍየል ምንም አይደለም።

ለአንድ ኪሎ የተመለጠ እርጥብ ሌጦ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ደረቅ ልጣጭ ያዝ። የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል ይቀጥቀጥ። በ10 ሊትር ውሃ ቀስ ባለ እሳት ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ አይንተክተክ። አጥልለህ፣ አቀዝቅዘህ፣ ለሦስት ክፈለው። የመጀመሪያውን ድርሻ በሁለት እጥፍ ውሃ አቅጥነው፤ መልኩ ቀጭን ሻይ ይምሰል። ሌጦው የሚገባው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከባልዲው አትራቅ፣ አገላብጥ፤ ታጥፎ የቆየ ቦታ ዝንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ከ3 ቀን በኋላ ሁለተኛውን ድርሻ ጨምር፣ ከሌላ 4 ቀን በኋላ የቀረውን። በቀን ሁለቴ ማገላበጥ ነው። ፍየል ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል፤ ማለቁን ግን የሚነግርህ ምላጭ እንጂ ቀን አይደለም። አንገቱ አካባቢ ከወፍራሙ ቦታ ቀጭን ዘለላ ቁረጥ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ከሆነ አልቋል።

ጀጎል_ድጉስ፦

ወስፌ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ከኖራ ወደ ግራር የሚታለፍበትን ዘለለው። ብዙ ሌጦ የሚሞተው እዚያች ላይ ነው።

ኖራ ቆዳው ውስጥ ቀርቶ ግራር ካገኘው ላዩ ይጠቁራል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ኖራው በአንድ ሊትር 40 ግራም ይበቃዋል፤ በድሬ ሙቀት 3 ቀን፣ በሐረር 4 ወይም 5። ድንጋይ ኖራ ከሆነ ቀድሞ ውሃ ጠጥቶ ይብረድ፤ ሌጦ ላይ ከፈላ ያበስለዋል። ጓንት አድርግ፣ ዓይንህን ጠብቅ። ጠጉሩ በአውራ ጣት ሲገፋ ከለቀቀ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ላዩን ያላላዋል። ግንድ ላይ አጋድመህ በቢላው ጀርባ ግፋው፣ በስለቱ አይደለም።

ከዚያ ውሃ አራት ጊዜ እየቀየርክ ሙሉ ቀን እጠብ። ቀጥሎ ፉርሽካ ነው። ለ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ በጥብጠህ አንድ ሌሊት ይቡካ፤ ኮምጠጥ ሲል ሌጦውን አስገባ። ከአራት አምስት ሰዓት ጀምሮ እያወጣህ በአውራ ጣትህ ጫን በለው። የጣትህ አሻራ ተመልሶ ካልሞላና እንደ ማኅተም ከቀረ ኖራው ወጥቷል፣ ወዲያው አውጣና አጥበው። ነገሩ እንደ ሊጥ ነው፤ በሙቀት ከረሳኸው ከመጠን በላይ ይቦካና ሌጦውን ራሱን መብላት ይጀምራል። አዳር አይተውም።

ውሃውንም አስብበት። የድሬ ውሃ ጠንካራ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር እዚህም ሥራ ያበላሻል፣ ታኒኑን ከፊሉን ይይዝብሃል፣ ቀለሙንም ያጨልማል። ለኖራውና ለአጠባው ግድ የለም። ለግራሩ ግን የዝናብ ውሃ ካጠራቀምክ ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ። ቀላ ካለው የግራር ቀለም ይልቅ ቢጫ የሚወድ ሰው የደረቀ የሮማን ልጣጭ ይቀላቅላል፤ እሱም ታኒን የሞላበት ነው።

ሌጦ ስትመርጥ ደግሞ እከክ ያለበትን ተጠንቀቅ። ቅማልና መዥገር የመሳሰለው ተባይ የሚያመጣው ነው፤ ጠጉሩ እያለ አይታይም፣ ከተመለጠ በኋላ ግን ላዩ ላይ ጠጠር የተበተነ ይመስላል። ከመግዛትህ በፊት ጠጉሩን በሁለት እጅህ ከፍለህ ሥሩን እይ።

የከፊራ_ጥግ፦

ልስላሴውን እኔ ልመልስ። ልስላሴ ከዘይት ይመጣል የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ጉልበት ነው።

ከግራሩ ሲወጣ እጠበው፣ ውሃውን በጠፍጣፋ እንጨት ገፍተህ አስወጣ፣ ጥላ ውስጥ ስቀል። ቆርቆሮን እርሳው። እርጥብ ጥሬ ቆዳ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ይኮማተራል፣ ተመልሶም አይዘረጋም፤ ያንተ ደግሞ መሐሉ ጥሬ ነበር። የድሬ ቀትር ቆርቆሮ ምን እንደሚያህል ይታወቃል።

እርጥበቱ ሳይለቀው ለአንድ ሌጦ አንድ የቡና ስኒ የጉሎ ዘይት ለብ አድርገህ በሁለቱም ወገን እሸው። ኑግና ተልባ አየር ሲያገኛቸው ይደርቃሉ፣ ቆዳውን መልሰው ያጠነክሩታል። ቅቤ ይሠራል፣ ግን በዚህ ሙቀት ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። አሁን የምትጠብቀው አንዲት ሰዓት አለች፤ ጉንጭህ ላይ ስታስጠጋው ቀዝቀዝ የሚል፣ እጅህን ግን የማያረጥብ ሲሆን። ያኔ በወንበር መደገፊያ ጠርዝ ወይም በተወጠረ ወፍራም ገመድ ላይ የሥጋውን ወገን አሳርፈህ ወዲያና ወዲህ ጎትተው። እየተጎተተ መልኩ ይፈካል። ሃያ ደቂቃ ጎትተህ ግማሽ ሰዓት አሳርፍ፣ እንደገና፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ። ሰዓቷ ካመለጠችህና ከደረቀ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ አሳድረውና ድገመው። ማንም አይከስህም።

አንቀልባው ላይ፦ ሕፃኑ የሚቀመጥበትን ከጀርባው መሐል አውጣ፤ የሆዱና የብብቱ ቆዳ ስስ ነው፣ ይለጠጣል፣ ከወር በኋላ ይንጠለጠላል። ማንገቻውን በአከርካሪው አቅጣጫ ቁረጥ እንጂ አግድም አይሁን፤ ቆዳ በርዝመቱ ብዙም አይለጠጥም። የፍየል ቆዳ ለብቻው ስስ ስለሆነ ማንገቻው 10 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ለሁለት ታጥፎ ይሰፋ። የሚበጠሰው ሁልጊዜ ማንገቻው ከገላው የሚገናኝበት ነው፤ ከውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያክል ደራቢ አግባበት፣ ስፌቱም ዙሪያውን ብቻ ሳይሆን በመሐሉም በመስቀል ይለፍ።

ክሩ በሰም የታሸ የጥጥ ክር ወይም የተቀጠቀጠ ጅማት ይሁን። ቀዳዳው ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር፣ እርስ በርሱም 5 ሚሊ ሜትር ይራራቅ። ወስፌው ክብ ሆኖ ከክሩ ትንሽ የሚቀጥን ከሆነ ቀዳዳው ክሩን አንቆ ይይዘዋል። በሁለት መርፌ ከሁለት ወገን በአንድ ቀዳዳ ስፋ፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ዛጎል ካማረህ እያንዳንዱ የራሱ ቋጠሮ ይኑረው፣ የሕፃኑ አፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ ግን አይሁን። ሕፃን ከመግባቱ በፊት 20 ኪሎ ጆንያ አዝለህ ደረጃ ውጣበት።

ሳቢያን_ማዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ወላሂ ይሄን ያህል አልጠበቅሁም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ያ ጣውላ የሆነው ይድናል ወይስ ይጣል? ልጣጩንስ ያለ ዛፍ ገዳይነት ከየት ላምጣ?

ወስፌና_ሰም፦

ልጣጭ ከቆመ ዛፍ አትላጥ፤ ዙሪያውን የተላጠ ግራር ይደርቃል። ማገዶ ይዘው ከሚገቡትና ከሰል ከሚያከስሉት ጋር ተነጋገር፤ እነሱ የቆረጡትን ግንድ ነው የሚልጡልህ። ሲገዛ ደረቅ ይሁን፣ ሻጋታ አይኑረው፤ ዝናብ የመታው ልጣጭ ታኒኑ ታጥቦ ሄዷል።

ጣውላው ለአንቀልባ አይመለስም፤ የተኮማተረ አይዘረጋም። ለአፎት ግን ድርቀቱ ራሱ ነው የሚፈለገው። ለብ ባለ ውሃ (ሙቅ አይደለም) ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ ቢላውን በፌስታል ጠቅልለህ ቆዳውን ዙሪያውን በጣትህ አስይዝ፣ ጠርዙን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠህ ጥላ ውስጥ ይደር። ፌስታሉን አትርሳ፣ ያለዚያ ብረቱ እንደገና ያጠቁርልሃል። ስትሰፋው ስለቱ በሚያርፍበት ጎን በሁለቱ የቆዳ ንብርብር መሐል ቀጭን የቆዳ ቁራጭ አግባ፤ አለበለዚያ ቢላው በገባ በወጣ ቁጥር የሚቆርጠው ክሩን ነው።

ከተረፈው ጥሬ ሌጦ ጠፍር ታወጣለህ። 20 ሳንቲ ሜትር ክብ ቆርጠህ ከጠርዙ ጀምሮ በ5 ሚሊ ሜትር ስፋት እንደ ቀንድ አውጣ እየዞርክ ወደ መሐል ከሄድክ 6 ሜትር ገደማ ይሰጥሃል። እርጥቡን ወጥረህ አድርቀው፣ ያለዚያ ይጠማዘዛል።

ጀጎል_ድጉስ፦

አንድ ነገር ማንም አላነሣም። ታርዶ ያልሞተ፣ ታሞ የወደቀ ከብት ሌጦ በነፃም ቢሰጥህ አትንካ። አባ ሰንጋ ከሆነ በሽታው በደረቀም በጨው በተመታም ሌጦ ላይ ዓመታት ይቆያል፣ በእጅ ቁስልና በትንፋሽ ይገባል። የዐረፋና የፋሲካ ሰሞን ሌጦ እንደ ልብ ነው፤ እርዱን ካየኸው ውሰድ፣ ከገፋፊው ጋር ደግሞ ቀድመህ ተስማማ። ጎኑንና ጀርባውን በቢላ ሳይሆን በጡጫ እየለቀቀ እንዲገፍልህ፤ ከሥጋው ወገን የገባች የቢላ ጭረት ያንን ሁሉ ሳምንት ለፍተህ ስትጎትተው ነው የምትቀደደው።