እንደ ድንች ያበጠውን ልቁረጠው? አስቸኳይ፣ ደሴ

የሸዋ በር ልጅ፦ ጀመዓ እንዴት ናችሁ? ቶሎ መልሱልኝ፣ ቢላዋ ይዤ ቆሜያለሁ። አክስቴ ከውጭ ያመጣችልኝ አጋፔተስ ሰርፐንስ የምትባል አበባ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ጅማቱ ግን አረንጓዴ ነው። ከሥሯ በላይ ደግሞ እንደ ድንች ያለ እብጠት አለ። በሽታ ይሆን? ልቁረጠው? ፎቶውን እዩት።

ኮምቦልቻዋ፦ ውሃ በዝቶባት ነው። ቀንሺላት።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ተክሏን እወቂያት። አገሯ የሂማላያ ተራራ ጫካ ነው፤ ኔፓል፣ ቡታን፣ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ። ቅርንጫፏ ረጅምና ተንጠልጣይ ነው። ቅጠሏ ትንንሽ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። አበባዋ ቀይ ቱቦ ነው፤ እንደ ፋኖስ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ጠቆር ያለ መስመርም አለው። ቤተሰቧ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ነው። አቡነ ዮሴፍ ተራራ የወጣ ሰው አስታን ያውቀዋል። በዚህ ቤተሰብ ከ4,000 በላይ ዝርያ አለ። ኮሎምቢያና ኢኳዶር ውስጥ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ዘመዶቿ ብዙ ናቸው…

የጦሳ ጎረቤት፦ ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ቢላዋ ይዛለች!

ወልድያ ነኝ፦ ዛፍ ላይ የሚኖር ከሆነማ ተቀጽላ ነው። የእኛን ግቢ ግራር የጨረሰው እሱ ነው። ንቀይና አቃጥይው። ኮሶና ወይራ እያለ የሰው አገር ተክል ምን ያደርጋል?

ጡረተኛው መምህር፦ ተቀጽላ ሥሩን ግንድ ውስጥ ሰርስሮ ይመጠምጣል። ይቺ ዛፉ ላይ ትቀመጣለች እንጂ ከዛፉ አትበላም። የምትኖረው በዝናቡና በቅርንጫፍ መሃል በተጠራቀመው ብስባሽ ነው።

የጦሳ ጎረቤት፦ እህቴ፣ ቢላዋውን አስቀምጪ። እብጠቱ በሽታ አይደለም፣ የውሃ ጎተራዋ ነው። ዛፍ ላይ አፈር የለም፤ ዝናብ ሲጠፋ ከዚያ ትጠጣለች። ከቆረጥሽው ጎዳሻት። ግን ፎቶው ላይ ያ ነጭ ነገር አመድ ነው?

የሸዋ በር ልጅ፦ አዎ፣ ለጉንዳን ነው። አመድ ማዳበሪያ አይደል እንዴ?

የጦሳ ጎረቤት፦ ለጎመን ሊሆን ይችላል። የአስታ ቤተሰብ ኮምጣጣ አፈር ነው የሚወደው፤ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ከ4.5 እስከ 5.5 ገደማ ሲሆን። አመድ ተቃራኒውን ያደርጋል። ያኔ አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሯ ሊወስደው አይችልም። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ብረት ከሆነ ዝገት የያዘ ምስማር ቅበሪ፣ እናቴ እንዲያ ታደርግ ነበር።

ወልድያ ነኝ፦ ምስማሩን ለእኔ ላኪልኝ፣ ቆርቆሮዬን ነፋስ ሊወስደው ነው።

የጦሳ ጎረቤት፦ አመድ ባለበት አፈር ምስማር አይረዳትም። አሁኑኑ ከነሥሯ አውጪያት። ሥሯ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ አትጎትቺው፣ አፈሩን በቀስታ አራግፊ። ከታች ቀዳዳ ያለው ሸክላ ውስጥ የጽድ ቅርፊት ሰባብረሽ ከብስባሽ ቅጠል ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅለሽ ትከያት። ሥሯ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል። እበትም ዳፕም አታስጠጊ። ውሃው የዝናብ ይሁን፣ ከጣሪያ ቅጂ። ማንቆርቆሪያሽ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ የቧንቧው ውሃ አይስማማትም። ከግብርና ዕቃ ሱቅ ቅጠል ላይ የሚረጭ ብረት ካገኘሽ፣ ከተጻፈው መጠን በግማሹ እርጪ። ቢጫ የሆነው ቅጠል ላይመለስ ይችላል፤ አዲስ የሚወጣውን እይ።

ኮምቦልቻዋ፦ እኔ እኮ ከላይ ብያለሁ፣ ውሃ ቀንሱላት።

ሐይቅ ዳር፦ አብሽሪ፣ ትድናለች። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ግን ከጣሪያ ጥግ አስገቢያት። የቀትር ፀሐይም አትወድም።

ኮምቦልቻዋ፦ እኛ ጋ ትበቅላለች?

ጡረተኛው መምህር፦ ቀዝቃዛና ጉም ያለበት ቦታ ነው የለመደችው። ለኮምቦልቻ ሙቀት ጥላና ርጥበት ካላበዛሽ ትቸገራለች።

ኮምቦልቻዋ፦ እሺ ጋሼ። የሸዋ በሯ፣ ስትገርዢያት ቅርንጫፍ አስቀሪልኝ።