ለሁለተኛ ዲግሪ የድጋፍ ደብዳቤ መምህራኔን እንዴት ልጠይቅ?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ውድ ወገኖቼ፣ በ2013 ዓ.ም. በጤና መኮንንነት ተመርቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ እያገለገልኩ እገኛለሁ። አሁን ለኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ አገር ውስጥም፣ በዳአድ (የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት) በኩል ጀርመንም ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው። ትራንስክሪፕቱና የሥራ ልምድ ማስረጃው አልከበዱኝም፤ ያስጨነቀኝ ከመምህራን የሚጠየቀው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ብዙዎቻችን ሪኮመንዴሽን የምንለው ነው። የመመረቂያ ጥናቴን ያማከሩኝ መምህር ለሦስተኛ ዲግሪ ከአገር ወጥተዋል። ደሴ የሚኖሩ ሌላ መምህሬን በስልክ ሳገኛቸው ደግሞ በቅን ልብ «አንቺው ጽፈሽ አምጪልኝ፣ እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ። ስለ ራሴ በእርሳቸው ስም መመስከር ኅሊናዬን ከበደው፤ እምቢ ብል ደግሞ ደብዳቤውን እንዳላጣ ሰጋሁ። ማንን ልጠይቅ፣ እንዴትስ ልጠይቅ?

መልስ (መምህር፣ ከደሴ)

እህቴ፣ በጤና ሳይንስ መምህርነት ስለምሠራ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። «ጽፈሽ አምጪ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በንቀት አይደለም፤ መምህሩ በርካታ ተማሪዎችን አስተምሮ ስላለፈ ስለ አንዱ ተለይቶ የሚጻፍ ነገር ስለሚያጣ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ደብዳቤውን ጽፎ መስጠት ሳይሆን ትዝታውን መቀስቀስ ነው። አንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጂላቸው፤ የትኛውን ኮርስ በየትኛው ዓመት እንዳስተማሩሽ፣ የጥናትሽን ርዕስ፣ በቲቲፒ (የጤና ተማሪዎች በቡድን ወጥተው በሚያደርጉት የመስክ ልምምድ) ጊዜ በየትኛው ጤና ጣቢያ ተመድበሽ ምን እንደሠራሽ፣ ከተመረቅሽ በኋላ በሥራ ላይ ምን እንዳከናወንሽ፣ የምታመለክችበትን ፕሮግራምና የመጨረሻውን ቀን በግልጽ አስፍሪ።

«ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነበረች» የሚል ዐረፍተ ነገር ለማንም የሚሰፋ ልብስ ነው፤ መራጮቹን አያንቀሳቅስም። «የቤት ለቤት ዳሰሳው መረጃ ላይ ስሕተት አግኝታ እንደገና እንዲሰበሰብ ያደረገችው እርሷ ነበረች» የሚል ግን ሰውየው እንደሚያውቅሽ ይመሰክራል። በዚህ ምክንያት የዲን ፊርማ ይከብዳል ብለሽ የማያውቅሽን ሰው አትለምኚ፤ ሌክቸረርም ቢሆን በቲቲፒ ጊዜ አብሮሽ የዋለው መምህር ይሻላል። ደግሞም አንቺው ጽፈሽ ብታስፈርሚ፣ ሁለት ደብዳቤዎች በአንድ እጅ ሲጻፉ ቃላቱ ይመሳሰላሉና አንባቢው ማወቁ አይቀርም።

መልእክትሽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። በ2013 ዓ.ም. ከተመረቁት የጤና መኮንን ተማሪዎችዎ አንዷ ነኝ፤ ኤፒዲሚዮሎጂ ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ። ለሁለተኛ ዲግሪ በማመልከት ላይ ስለሆንኩ፣ በሚያውቁኝ መጠን ጠንካራ ድጋፍ ሊጽፉልኝ የሚችሉ ከሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሥራውን ለማቅለል ማስታወሻ አያይዣለሁ።» «የሚችሉ ከሆነ» የሚለው አስፈላጊ ነው፤ የማይመቸው ሰው ሳያፍር እንዲተወው በር ይከፍትለታል። ቢያንስ አንድ ወር ስጫቸው፤ ቀኑ ሲቀርብ አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና አስታውሻቸው።

መልስ (ነርስ፣ ከደሴ)

መምህሩ ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ማስታወሻ ተሰጥቷቸውም «አንቺው ጻፊው» የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ረቂቁን በወርድ ፋይል ልኬ፣ «እባክዎን እርስዎ የማያምኑበትን ያውጡ፣ የሚያስታውሱትን ይጨምሩ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እርሳቸውም እኔ የረሳሁትን አንድ የተግባር ልምምድ ታሪክ ጨመሩበት። ያላረጋገጡትን ወረቀት ግን ማስፈረም፣ ይልቁንም በእነርሱ ስም ኢሜይል ከፍቶ መላክ፣ ፈጽሞ አይገባም።

መልስ (በዳአድ የተማረ፣ ከኮምቦልቻ)

ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች በተዘጋጁት የዳአድ ኮርሶች ከመምህር ይልቅ የአሠሪ ደብዳቤ ክብደት አለው። ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ የመጀመሪያ ዲግሪውም በአብዛኛው ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም፤ ስለዚህ የ2013 ምሩቅ ከሆንሽ ጊዜሽን አስልተሽ ተንቀሳቀሺ። ደብዳቤው የመሥሪያ ቤቱ አርማ ባለው ወረቀት ላይ ሆኖ ፊርማ፣ ማኅተምና የቅርብ ጊዜ ቀን ሊኖረው ይገባል። ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ስትጠይቂ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው የተለመደው የሥራ ልምድ ወረቀት ብቻ እንዳይሰጥሽ አደራ፤ ያ ዓመቱን ይቆጥራል እንጂ ሥራሽን አይናገርም።

ጥያቄ (ጠያቂዋ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአገር የወጡት አማካሪዬ ማኅተም ከየት ያመጣሉ?

መልስ (መምህር፣ ከደሴ)

ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤውን ከአመልካቹ አይቀበሉም፤ ለጸሐፊው በኢሜይል ሊንክ ይልካሉ፣ እርሱም ራሱ ይጭነዋል። የአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ሶፋስ የተባለው ማመልከቻም እንዲሁ ነው። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ከማኅተሙ በላይ የሚመዘነው የጸሐፊው የተቋም ኢሜይል ነው፤ የጂሜይል አድራሻ ጥርጣሬ ያሳድራል። እንዲሁም ደብዳቤውን የማየት መብትሽን ትተዪ እንደሆነ ይጠይቁሻል፤ ተማሪ የራሱን የትምህርት መዝገብ እንዲያይ በሚፈቅደው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ ምክንያት ነው። ብትተዪው ደብዳቤው በነፃነት የተጻፈ ስለሚሆን ይበልጥ ይታመናል። የአማካሪሽ አገር መውጣት እንግዲህ እንቅፋት አይሆንም፤ በትምህርት ላይ ያሉበትን ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ጠይቂያቸው።

ጥያቄ (ጠያቂዋ)

ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ሄጄ ነበር። ማስታወሻውን ለመምህሬ ሰጠኋቸው፤ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ በቲቲፒ ጊዜ ስለ ውኃ ጉድጓዶች ያቀረብኩትን ሪፖርት አስታውሰው ደብዳቤውን ራሳቸው እንደሚጽፉ ነገሩኝ። ለአማካሪዬም ጽፌ የተቋም ኢሜይላቸውን ልከውልኛል። የቀረኝ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው፤ እርሱንም ሰኞ እጠይቃለሁ።