ፎቶን በአሴቶን ወደ ወረቀት ማሸጋገር፦ እንደ ንጂዴካ አኩኒሊ ክሮስቢ

ከሰልና ቀለም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ናይጄሪያ የተወለደችው ሠዓሊ ንጂዴካ አኩኒሊ ክሮስቢ ከናይጄሪያ መጽሔቶችና ከቤተሰብ አልበም የወሰደቻቸውን ፎቶዎች በአሴቶን እያሸጋገረች ሥዕሎቿ ወረቀት ላይ ታትማለች። ከሩቅ ተራ ሳሎን ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግድግዳውና ወለሉ ሰው በሰው ነው። በዚሁ መንገድ የድሮ ጋዜጣ ፎቶዎችን ስሞክር ግማሹ አይለቅም፣ የለቀቀውም ይጨማለቃል። ያተምኩት በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) ነው፤ አሴቶኑ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

ቶነር፦
ሁለቱም ጋ ነው፣ እህቴ። ቶነር፣ ማለትም የሌዘር ማተሚያና የፎቶ ኮፒ ዱቄት ቀለም፣ ፕላስቲክነት ስላለው አሴቶን ሲነካው ይለሰልስና ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ ይጣበቃል። የኢንክጄት ቀለም ግን ወረቀቱ ውስጥ ስለሰረገ እንዲህ አይነሳም። ጋዜጣውን ፎቶ ኮፒ ቤት ውሰጂና በሌዘር፣ ጠቆር አድርገው ያውጡልሽ። ጽሑፍ ካለበት ቀድሞ ይገልበጥ፤ አለዚያ ፊደሉ ዞሮ ይወጣል። ማስለቀቂያው አሴቶን የሌለው ከሆነ አይሠራም፤ ዘይት የገባበትም ቅባት ይተዋል። ንጹሕ አሴቶን ግዢ።

ወፈር ያለ ለስላሳ ወረቀት ይሁን፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም ቢሆን ይመረጣል። ኮፒውን በፊቱ ደፍተሽ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ በስኮች ያዢው፤ ገለጥ አድርገሽ ስታዪ ቦታውን አይለቅም። ጥጥ በጨርቅ ጠቅልለሽ ንከሪና ጭመቂው። ከመዳፍ የማይበልጥ ቦታ አርጥበሽ ወዲያው በማንኪያ ጀርባ አጥብቀሽ እሺው። በሰከንዶች ስለሚተን ሙሉውን ገጽ ባንዴ ካረጠብሽ ጫፉ ሳይታሽ ይደርቃል፤ ግማሹ የማይለቀው አንድም ለዚህ ነው። መጨማለቁ ደግሞ ጥጡ ሲንጠባጠብ ነው፤ ቶነሩ ይፈስሳል።

የወረቀት ነገር፦
ቅደም ተከተሉ እንዳይረሳ፦ መጀመሪያ ፎቶው፣ ከዚያ አክሪሊክ ቀለም። አሴቶን የደረቀ አክሪሊክንም ያነሳል። የምትነክሪበት ዕቃ ብርጭቆ ወይም ብረት ይሁን፤ የፎም ኩባያ ይቀልጣል። መስኮት ይከፈት፤ በአጠገቡ ከሰልም ሻማም አይኑር፣ እንፋሎቱ እሳት ይስባል።

ጋዜጣውን ቆርጦ ከመለጠፍ ይሄ ይሻላል፤ የጋዜጣ ወረቀት ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ኮላው ደግሞ እርጥበት ስላለው ያሸበሽበዋል።

ጠርዝ፦
እጅሽ ከተስተካከለ በኋላ ከባዱ ምርጫው ነው። ንጂዴካ እ.ኤ.አ. በ1983 ኤኑጉ ተወለደች፤ እናቷ ዲቪ ደርሷቸው በ1999 አሜሪካ ገባች። እናቷ ዶራ አኩኒሊ የናይጄሪያን የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲመሩ ሐሰተኛ መድኃኒትን የታገሉ ናቸው፤ ምስላቸው የታተመበት ጨርቅም በሥራዎቿ ይታያል። ፖለቲካው ሥዕሏ ውስጥ የገባው በቤት ዕቃ በኩል ነው፣ በመፈክር አይደለም። እኔን የሚገርመኝም ይሄ ነው።

ስለዚህ ፎቶውን በየቦታው አትበትኚው። መጋረጃው ወይም ወለሉ ላይ ሰብስቢው፣ አጠገቡ ባዶ፣ ወጥ ቀለም ይኑር፤ ዓይን የሚያርፍበት ካጣ ሁሉም የፎቶ ክምር ይሆናል። በጣም ከጎላብሽ ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ አክሪሊክ ደርቢበት። አንዴ ደርበሽ አድርቂና ከሦስት ሜትር እዪው፤ ፊቶቹ ገና ከዚያ ርቀት ከተለዩ አንድ እጅ ይጨመር።