ጀበና ስስል ለምን ይጣመምብኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በእርሳስ መሳል ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጀበና ከነማቶቱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል እስላለሁ። የሆዱ ግራና ቀኝ አይመሳሰልልኝም። አፉን ክብ፣ ማቶቱን ደግሞ ከታች ቀጥ አድርጌ ስስለው ላዩ ከላይ የታየ፣ ታቹ ከጎን የታየ ይመስላል። ጥላ ስጨምርበት ሁሉም ነገር አንድ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ያለኝ ኤች ቢ እርሳስ፣ ተራ ላጲስና የማተሚያ ወረቀት ነው። እባካችሁ ምን ላስተካክል?

መስመር፦
እህቴ፣ ከአፉና ከማቶቱ ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነው። አፉ ክብ መሆኑን ስለምታውቂ ክብ ትስያለሽ፤ ማቶቱ ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ ብሎ መቀመጡን ስለምታውቂ ቀጥ ያለ መስመር ታሰምሪያለሽ። ከተቀመጥሽበት የሚታይሽ ግን ሁለቱም ጠፍጠፍ ያሉ ሞላላዎች ሆነው ነው። ክብ ነገር ከዓይንሽ ትክክል ከሆነ መስመር ይመስላል፤ ከዓይንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር እየተከፈተ ይሄዳል። ስለዚህ አፉ ጠበብ፣ ማቶቱ ከፈት ማለት አለበት፤ አንቺ የሳልሽው ተገላቢጦሹን ነው። በቁጥር ላስቀምጠው፦ ወረቀትሽ ላይ የአፉ ወርድ 2፣ ቁመቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ወርዱ 8 የሆነው ማቶት ቁመቱ ከ2 ሳንቲሜትር መብለጥ አለበት። ከጀበናው ጀርባ የተደበቀውን የማቶቱን ግማሽ ጭምር በስሱ ሳይው፣ በኋላ ታጠፊዋለሽ። የሞላላው ጫፎች እንደ ዓይን ቅርጽ መሾል የለባቸውም፤ ዞር ብለው ይመለሱ።

ለሆዱ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ የመሃል መስመር በስሱ አስምሪ። ከዚያ ለኪ። ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርግተሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ የእርሳሱን ጫፍ ከሆዱ አንድ ዳር ጋር አገጣጥሚና በአውራ ጣትሽ ሌላውን ዳር ያዢ። ያ ወርድ በጠቅላላ ቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? መልሱን ወረቀቱ ላይ አስፍሪ። ክርንሽ ትንሽ ከታጠፈ ልኬቱ ይበላሻል፤ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። አንገቱ የሚያልቅበትን፣ ሆዱ በጣም የሚሰፋበትንና ማቶቱን የሚነካበትን ቦታ መሃል መስመሩ ላይ ምልክት አድርጊ። ከየምልክቱ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት በቁራጭ ወረቀት ጠርዝ እየለካሽ ነጥብ አኑሪና አገናኚ። እጀታውና ጡቱ የሚጨመሩት ሆዱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከገቡ ዓይንሽን ወደ አንድ ጎን ይጎትቱታል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ከሆነ የላይኛው ክፍል ስለሚርቅሽ ሳታውቂ እያስረዘምሽ ትስያለሽ። ጠንካራ ካርቶን ላይ ለጥፈሽ ወደ ራስሽ አዘንብይው። ጀበናውንም ቢያንስ አንድ ሜትር አርቂው።

ከሰል፦
ስለ ጥላው እኔ ልመልስ። ኤች ቢ ብቻውን በቂ ጥቁረት የለውም። ለማጥቆር ስትጫኚው ወረቀቱ ይጎደጉዳል፣ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ድርብ አይቀበልም። ከኤች ቢ ይልቅ ለስላሳና ጠቆር ያሉትን 2 ቢ እና 4 ቢ እርሳሶች ግዢ፤ ሌላው ይቆይ። ወረቀቱም በካሬ ሜትር 80 ግራም ከሆነ ለቅርጽ ልምምድ ይበቃል፤ ለጥላ ግን ከ120 እስከ 160 ግራም የሆነና ለስላሳ ያልሆነ ፈልጊ።

ብርሃን ከአንድ መስኮት ብቻ ይግባ፣ መብራቱን አጥፊ። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ብሩህ፣ መካከለኛና ጨለማ ቦታዎች ይለያሉ። የሚያብረቀርቀውን ነጥብ ወረቀቱን ባዶ በመተው አስቀሪ። የቀረውን በ2 ቢ ሳትጫኚ አንድ ጊዜ ሸፍኚ፣ መካከለኛውንና ጨለማውን ድገሚ፣ በመጨረሻ ጨለማውን ብቻ በ4 ቢ። መስመሮችሽ የሆዱን ጥምዝ ይከተሉ። በጥላው በኩል ዳሩ ላይ ከጠረጴዛው የተመለሰ ደብዛዛ ብርሃን ታያለሽ፤ እሱን ማስቀረት ነው ሆዱን የሚያሞላው፤ ግን በብርሃኑ በኩል ካለው ፈጽሞ አይብለጥ።

በጣትሽ አትሺው። የቆዳሽ ቅባት ከእርሳሱ ጋር ሲደባለቅ ላጲስ አያነሳውም፤ ጭቃው ከዚያ ይመጣል። ከእጅሽ ስርም ንጹህ ወረቀት አንጥፊ።

ሲኒ፦
ከሁለቱም ጋር እስማማለሁ፤ ጥላን በጥቁር ጀበና መጀመር ግን ይከብዳል፣ የጥቁር ዕቃ ደረጃዎች ተጠጋግተው ስለሚታዩ። ለሁለት ሳምንት ነጭ ሲኒ ወይም እንቁላል ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ሳይ። ግማሽ ሰዓቱንም ከፋፍይው፦ አምስት የሁለት ደቂቃ ንድፍ፣ ከዚያ አንድ የ20 ደቂቃ። ሲኒውን አንዴ ወለል ላይ፣ አንዴ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዴ ከዓይንሽ ትክክል መደርደሪያ ላይ አድርጊው። መስመር የነገረሽ የሞላላው ነገር እጅሽ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከስልክ ፎቶ እያየሁ ብስልስ?

መስመር፦
አሁን ባይሆን ይሻላል። ተጠግተሽ ካነሳሽው ወደ ስልኩ የቀረበው ክፍል ያለ ልክ ይገዝፋል፣ ጥቁሩም አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። የግድ ከሆነ ሁለት ሜትር ርቀሽ አጉልተሽ አንሺው።

ከሰል፦
እርሳሱንም በምላጭ ቅረጪው፤ ጥቁሩ 1 ሳንቲሜትር ያህል ወጥቶ በጎኑ እንዲቀባልሽ። 4 ቢ ለስላሳ ስለሆነ መቅረጫ ውስጥ ሊሰበር ይችላል።