ወንፊቱን ማን ያዘው? ስለ ድሮ ሴት ደራሲያን የተነሳ ክርክር

የጦሳ ልጅ፣ ከደሴ፦
እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ። የንባብ ቡድናችን ቅዳሜ ፒያሳ ተሰብስቦ ሳይስማማ ተበተነ። ስለዚህ ነገሩን ለእናንተ አመጣሁት። ከመቶ ዓመት በፊት ሴቶች የጻፏቸው፣ ተረስተው የቆዩ፣ አሁን እንደገና የሚነበቡ የውጭ አጫጭር ልብ ወለዶች አሉ። ስድስቱን መርጠን ወደ አማርኛ እንመልስ፣ አዋጥተን እናሳትም፣ ለደሴና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች እንስጥ ብዬ ነበር። ግማሹ ሸጋ ሐሳብ ነው አለ። ግማሹ "አሁን የቸገረን ይሄ ነው?" አለ። እኔ በሐሳቡ አምናለሁ። ግን ሰው ሳያምንበት ብር አልሰበስብም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ቅር አይበልሽና እኔ እቃወማለሁ። ውዬ የማድረው ክፍል ውስጥ ነው። በ2014 ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት መጽሐፉን፣ ወንበሩን፣ በሩን ሳይቀር አጥቷል። የኔ ተማሪዎች ዛሬም አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለሦስት ነው የሚያዩት። ያ ብር ወደዚያ ቢሄድ አይሻልም? ሌላው ደግሞ ጊዜ ወንፊት ነው። ምርቱን ከገለባው ይለያል። አንድ ድርሰት ከተረሳ የተረሳበት ምክንያት አለው። የጻፈችው ሴት ስለሆነች ብቻ ከመቃብር አይወጣም።

ወልድያዋ፦
መምህር፣ በመጽሐፉ እጥረት እውነትዎን ነው፤ አልከራከርዎትም። ወንፊቱ ላይ ግን አልስማማም። ቤት ውስጥ ወንፊት የሚይዙት እናቶቻችን ናቸው። የመጻሕፍቱን ወንፊት ሌላ ሰው ነው የያዘው።

አንድ ታሪክ ልንገርዎት። ሱዛን ግላስፔል የምትባል አሜሪካዊት በ1900 እ.ኤ.አ. አዮዋ ውስጥ የጋዜጣ ዘጋቢ ነበረች። አንድ ገበሬ ተገድሎ ሚስቱ ተከሰሰች፤ ዘገባውን የሠራችው እሷ ናት። ነገሩ ከውስጧ አልወጣም። በ1917 አጭር ልብ ወለድ አደረገችው። በታሪኩ ባልየው አልጋው ላይ በገመድ ታንቆ ተገኝቷል። ሚስቱ ታስራለች። ወንዶቹ፣ ማለትም የወረዳው ሹምና ዐቃቤ ሕጉ፣ ምክንያት ፍለጋ ፎቅ ላይ ይወጣሉ። ሁለት ሴቶች ለእስረኛዋ ልብስ ሊይዙላት መጥተው ወጥ ቤት ይቀመጣሉ። ወንዶቹ ወጥ ቤቱን አይተው የሴት ኮተት ነው ብለው አልፈውታል።

ሴቶቹ ግን ያያሉ። ጠረጴዛው ግማሹ ተወልውሎ ግማሹ ቀርቷል። የስኳሩ ዕቃ ክፍት ነው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋ ብርድ ልብስ አለ፤ ስፌቱ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ቁራጭ ላይ ብቻ ተወላግዷል። አንደኛዋ ዝም ብላ ክሩን ፈትታ ደግማ ትሰፋዋለች። ቀጥሎ አንዲት ወፍ በትንሽ ሳጥን ውስጥ በሐር ተጠቅልላ ያገኛሉ፤ አንገቷ ተጠምዟል። የሚስቱን ወፍ የገደለው ባልየው ነው፤ እሱን የገደለችበት ምክንያት ያ ነው። ሁለቱም ገባቸው። አንደኛዋ ሳጥኗን ኪሷ ከተተች፤ ለወንዶቹ ምንም አልተናገሩም።

ያኔ አዮዋ ውስጥ ሴት ችሎት ላይ ተቀምጠው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም ብለው ከሚፈርዱት ተራ ዜጎች ጋር አትቀመጥም ነበር። የታሪኩ ሐሳብ ይሄው ነው፤ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሁለት ሴቶች ፈረዱ። ይሄ ታሪክ በወጣበት ዓመት ከምርጦቹ ተርታ ታትሟል። ደራሲዋ በ1931 ፑሊትዘር ሽልማት አግኝታለች። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ስሟ ጠፋ። ያነሷት በ1970ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ያሉ ሴቶች ናቸው። ገለባ ከሆነ ለምን ተሸለመች? ምርት ከሆነ ለምን ወደቀ?

መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦
ታሪኩ ሸጋ ነው፤ ይሄን አልክድም። ግን አንድ ምሳሌ ነው።

ወልድያዋ፦
ሁለተኛውን ልጨምር። ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን በ1892 ስለ አንዲት የታመመች ሴት ጻፈች። ባሏ ሐኪም ነው። "እረፊ፣ አትጻፊ" ብሎ ክፍል ውስጥ አስቀመጣት። ሴትየዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስታይ ስታይ አእምሮዋ ይናጋል። ያቺም ብዙ ዘመን ተረስታ ኖረች። በ1973 ለሴቶች ድርሰት የተቋቋመ ማተሚያ ቤት በትንሽ መጽሐፍ መልኩ ሲያወጣት ነው ብዙ ሰው ያነበባት። ባል "አስቤልሽ ነው" እያለ ሚስቱን አፍ ሲያስይዝ አይተው አያውቁም መምህር?

ሐይቅ ዳር፦
ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። የምትሉት ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን የአዮዋ ገበሬ ሚስት ለእኛ ምናችን ናት? የኛ እናቶች ተረት ማን ሰበሰበ? እናቴ ክረምት ክረምት ምድጃ ዳር ስታወራው የነበረ፣ ሌሊቱ ሳይታወቅ የሚነጋበት ወግ ነበራት። ሞተች፤ አብሯት ሄደ። ብራችሁን መቅረጸ ድምፅ ግዙበት። ለውጭው ሌላው ይደርስለታል።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝና ይሄን ሁለት መንገድ አላደርገውም። ዞራ ኒል ኸርስተን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ያደገችበት መንደር እየተመለሰች ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያወራውን ተረት ሰበሰበች፤ በ1935 በመጽሐፍ አወጣችው። አጫጭር ልብ ወለዶቿም ከዚያው አፍ የተቀዱ ናቸው። ይቺ ሴት በ1960 በድህነት ሞተች። መቃብሯ ስም እንኳ አልነበረውም። በ1973 አሊስ ዎከር የምትባል ጸሐፊ ፍሎሪዳ ድረስ ሄዳ አረም በወረረው መቃብር ስፍራ ፈልጋ ድንጋይ አቆመችላት። ያንን ጽፋ ካሳተመች በኋላ ነው አገሩ ኸርስተንን ደግሞ ማንበብ የጀመረው። የእናቷን ምድጃ የምታከብር ሴት ናት ጋሼ። እሷን ያነበበ ልጅ የርስዎን እናት ወግ ለመቅዳት ይነሳል ብዬ ነው።

የአምባሰል ልጅ፦
የራሳችንም አትረሱ። እቴጌ መነን የአምባሰል ልጅ ናቸው። በስማቸው የቆመውን የሴቶች ትምህርት ቤት የመራችው ስንዱ ገብሩ ናት። ጣሊያን ማርኮ አሲናራ ደሴት አስሯታል። በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ይሄን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቃል። ግጥምና ተውኔት የያዘ መጽሐፍ እንዳሳተመች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? አጭር ልብ ወለድ አይደለም፤ ልክ ነው። ቢሆንም ከስድስቱ ጎን አንድ ጽሑፏ ይግባ።

ቦረና፦
ለገንዘብ ያዡ አንድ ነገር። በእኛ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሚጸናው ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ጊልማን በ1935፣ ግላስፔል በ1948፣ ኸርስተን በ1960 እ.ኤ.አ. ነው ያረፉት። የነሱን ለመተርጎም ለማንም አይከፈልም። የስንዱ ግን ገና ስለሆነ ቤተሰቧን ፈቃድ ጠይቁ።

መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንፊቱ ላይ ተረትቻለሁ። ብሩ ላይ ግን አልተረታሁም፤ መማሪያ መጽሐፍ ይቅደም እላለሁ፤ ድምፄም ይሄው ነው። ከታተመ ግን ትርጉሙን ሳላይ እንዳታትሙ። ልጅ በተንሻፈፈ አማርኛ ከሚያነብ ባያነብ ይሻላል። ያቺን ብርድ ልብስ ደግሞ ለእኛ ትቅረብ ብላችሁ ወደ ሰፌድ እንዳትቀይሯት። የነሱ ነገር የነሱ ይሁን።

ሐይቅ ዳር፦
ማታ ቡና ላይ ያንን የወልድያዋን ታሪክ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷ ስፌት ይዛ ነበር። የተወላገደው ቁራጭ ጋ ስደርስ ወስፌዋ ቆመ። ተነስታ ከጓዳ አንድ አሮጌ ሙዳይ አመጣች። ወገቡ ላይ ቀይ አለላ ዞሮታል። አለላው ቀጥ ብሎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትንሽ ሄዶ ይመለሳል። ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈችና "እዚህ ጋ ነው ትልቁ ልጃችን የታመመው" አለች። ሙዳዩ አርባ ዓመት ቤቴ የተቀመጠ ነው። አንድም ቀን አላየሁትም።

ልጄ፣ የኔን አምስት መቶ ብር መዝግቢ። ተረት የሚቀዳ ልጅም ላኪልኝ፤ ባለቤቴ እሺ ብላለች።

የጦሳ ልጅ፦
ቅዳሜ ጠዋት ራሴ እመጣለሁ ጋሼ። ሙዳዩን እንዳይመልሱት።